«እቅፍ ይለምድብሻል» የተባላችሁ እናቶች፣ ጥያቄያችሁን አምጡ

የሕፃናት ነርስ ነኝ። ሥራዬ መመዘንና መከተብ ነው፤ እናቶች የሚጠይቁኝ ግን ሌላ ነው። ያውቀኛል? ለምን ያለቅሳል? አፍጥጦ ሲያየኝ ምን እያሰበ ነው? ወረፋው ስለሚረዝም እዚያ ቆሜ በደንብ መመለስ አልችልም። ለዚህ ነው «እስከ አንድ ዓመት ስላለ ልጅ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ያልኩት። እናንተም አልሰሰታችሁም። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ሳምንቷ ነው። ተኝታ ፈገግ ትላለች፣ ነቅታ ግን ፊቴን አይታ አትስቅም። አልወደደችኝም እንዴ?

መልስ፦ ገና ነው እኮ! የእንቅልፍ ልብ ፈገግታ ለማንም የተላከ አይደለም። እናቴ «መላእክት እያጫወቷት ነው» ትላለች፣ እኔም አልከራከራትም። ሰው አይቶ መሳቅ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያው ግን እያጠናችሽ ነው። አራስ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው። ጡት ስትሰጫት ከእሷ ዓይን እስከ ፊትሽ ያለውን ለኪው፣ እዚያው አካባቢ ነው። ድምፅሽን ደግሞ ከሆድሽ ሳትወጣ ጀምራ ታውቀዋለች። 3 ወር ሞልቷት ለሰው ፊት ፈገግ ካላለች ለሐኪም አሳዪያት። ያለጊዜዋ የተወለደች ከሆነ ግን የምትቆጥሪው መወለድ ከነበረባት ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ባለቀሰ ቁጥር ሳነሳው አማቴ «እቅፍ ይለምድብሻል፣ ተይው» ትለኛለች። 2 ወሩ ነው።

መልስ፦ ከሁሉ የበዛው ጥያቄ ይሄ ነው። አማትሽን አክብሪያት፣ ልጁን ግን አንሺው።

የ2 ወር ልጅ ተንኮል አያውቅም። «ባለቅስ ትመጣለች» ብሎ የሚያሴርበት አእምሮ ገና አልተሠራለትም። ርቦት ነው፣ በርዶት ነው፣ ወይ ሰው ፈልጎ ነው። በ1972 ሲልቪያ ቤልና ሜሪ አይንስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ 26 እናቶችን ከነልጆቻቸው ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያለቅሱ ቶሎ የተደረሰላቸው ልጆች ዓመታቸው ሲቃረብ የሚያለቅሱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተከራከሩበት ባለሙያዎች አሉ፤ እኔን ግን በሥራዬ የማየው ወደዚያው ይወስደኛል።

በ1986 ደግሞ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ እናቶች ልጃቸውን ባያለቅስም ጨምረው እንዲያቅፉት ተደረገ። 6ኛው ሳምንት ላይ እነዚያ ልጆች የሚያለቅሱትና የሚነጫነጩት ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ ነበር። እኛ አገር ይሄ አንቀልባ ይባላል። ፈረንጅ በጥናት እስኪደርስበት አያቶቻችን ልጅ አዝለው እንጀራ ይጋግሩ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለቅሶ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል፣ በተለይ ማታ ማታ። ታቅፎም፣ ታዝሎም የማይተው ልጅ አለ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ንዴት ሲመጣብሽ ልጁን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝተሽ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ። አትነቅንቂው። የሕፃን አንገት አይችለውም፣ አንጎል ውስጥ ደም ይፈሳል።

ጥያቄ፦ ማንም ጋ ይሄድ የነበረ ልጅ 8 ወር ሲሆነው አጎቱን አይቶ መጮህ ጀመረ። እኔ ወደ ሽንት ቤት ስሄድም ያለቅሳል። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለች።

መልስ፦ ዓይን አይደለም፣ ሰው ለየ ነው የሚባለው። ቃሉ ራሱ መልሱን ይዟል።

የእህቴን ልጅ ላንሳልሽ። 5 ወሩ እያለ የሚጫወትበትን የበር ቁልፍ በነጠላዬ ሸፈንኩበት። ወዲያው ረሳውና ጣቴን መጉተት ጀመረ። 9 ወሩ ላይ ያንኑ ቁልፍ፣ በዚያው ነጠላ። አሁን ነጠላውን በሁለት እጁ ገፎ ጣለውና «አገኘሁሽ» በሚል ዓይን አየኝ። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ልጅ የተደበቀን ዕቃ መፈለግ የሚጀምረው 8 ወር አካባቢ መሆኑን ጽፏል። በኋላ፣ በ1985፣ አሜሪካ ውስጥ የ5 ወር ልጆችም አንድ ነገር ሲከለል ከነጭራሹ እንደማይጠፋ የሚገባቸው መሆኑ በሙከራ ታየ። ቶሎ ይገባቸዋል፤ መፈለጉ ነው የሚዘገየው።

እንግዲህ ቁልፉ ከነጠላው ሥር ካለ፣ አንቺም ከበሩ ጀርባ አለሽ ማለት ነው። አለሽ፣ ግን አጠገቡ አይደለሽም፣ መቼ እንደምትመለሺም አያውቅም። እሪ ቢል ይፈረድበታል? ተደብቀሽ አትውጪ። «መጣሁ» ብለሽው ሂጂ፣ ስትመለሺም «መጣሁ» በይው። ፊትሽን በነጠላ ሸፍነሽ «የለሁም… አለሁ!» እያልሽ አጫውቺው፣ ልምምዱ ያው ነው። አጎትየው ደግሞ ከሩቅ ይቀመጥ፣ ዓይን ዓይኑን አይየው፣ አንድ ነገር እየነካካ ይቆይ። ልጁ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 11 ወሩ ነው። ማንኪያ ስሰጠው ይወረውራል፣ አንስቼ ስሰጠው መልሶ ይወረውራል። እጁን መታ ላድርገው?

መልስ፦ እማማ፣ አይምቱት። ሲወረውር ፊቱን ይዩት እስቲ። ይለቀዋል፣ የወደቀበትን በዓይኑ ይከተላል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እርስዎን ያያል። የመጨረሻው ነው ትልቁ። «እሷስ ምን ትላለች?» እያለ ነው። ጎንበስ ማለቱ ወገብዎን ካመመዎት ማንኪያውን በገመድ ወንበሩ ላይ ያስሩት፤ አጭር ይሁን፣ አንገቱ ጋ እንዳይደርስ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ የሕፃናት መዝሙር ሲከፈትላት ፀጥ ትላለች። 9 ወሯ ነው። ቋንቋ ትማርበታለች አይደል?

መልስ፦ ፀጥ ማለትና መማር ለየቅል ናቸው። ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪ በ2003 ልክ የልጅሽ ዕድሜ የሆኑ የ9 ወር አሜሪካውያን ልጆች ቻይንኛ እንዲሰሙ አደረገች። አንዳንዶቹ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እያነበበና እያጫወተ 12 ጊዜ ሰሙ። ሌሎቹ ያንኑ በቪዲዮ። የፊተኞቹ የቻይንኛውን ድምፆች ለዩ። የቪዲዮዎቹ ምንም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም ይላል። ወጥ እስኪበስል ለ5 ደቂቃ ከፈትሽ ብዬ አልኮንንሽም፣ እኔም ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ቤት አማርኛ፣ ሞግዚቷ እንግሊዝኛ። ልጁ ግራ አይጋባም?

መልስ፦ አይጋባም። እንዲያውም አሁን ካላሰማችሁት ነው የሚያመልጣችሁ። የ6 ወር ልጅ ወላጆቹ የማይናገሩትን ቋንቋ ድምፆች ሳይቀር ይለያል። ዓመቱ ሲቃረብ ያልሰማውን መለየት ይደክማል፣ ጆሮው ለሚሰማው ቋንቋ ይሳላል። ለዚህ ነው ትልቅ ሆኖ አማርኛ የሚጀምር ሰው «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየት የሚያልበው። ዳይፐር ስትቀይሩ፣ ስታለብሱት በአማርኛ አውሩት። «ኧ» ሲል ጠብቁና መልሱለት።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ልጄን በ7 ወሯ ለእናቴ ትቼ መጣሁ፣ አሁን 1 ዓመት ሆናት። እናቴን «እማ» ትላታለች። ተበላሽታብኛለች?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። አልተበላሸችም። ልጅ የሚጎዳው የኔ የሚለው ሰው ጭራሽ ሲያጣ ነው። ያቺ ልጅ አላት። እናትሽን «እማ» ማለቷ ለመውደድ የሚሆን ልብ እንዳላት ነው የሚያሳየው፣ ያ ደግሞ ላንቺም ይተርፋል። ከላይ ያነሳኋት አይንስዎርዝ ባልቲሞር ከመግባቷ በፊት በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ሕፃናትን አጥንታለች። እዚያ እንዳየችው፣ ልጅ እንደ መነሻና መመለሻ የሚይዘው ሰው ይኖረዋል፤ ከሱ ተነሥቶ ዳዴ እያለ ዓለምን ያያል፣ ሲፈራ ወደሱ ይመለሳል። በ1964 ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ላይ የተጠኑት 60 ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ዓመት ተኩል ሲሆናቸው እንዲህ የሚጠጉት ሰው ከአንድ በላይ ነበር።

በኢሞ ደውዪላት፣ የቪዲዮ ጥሪ እንደ ዩቲዩብ አይቆጠርም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ለትንንሾቹ ይፈቅደዋል። እናትሽ አቅፋት ታውራሽ፣ አንቺ ፈገግ ስትዪ እናትሽም ለሷ ታስተጋባላት። ስትመጪ ግን ኤርፖርት ላይ ከእናትሽ እጅ አትንጠቂያት። ፊቷን ብታዞርብሽ ያማል፣ አውቃለሁ። ብዙ ልጆች ተለይተው ሲገናኙ እንዲያ ያደርጋሉ። መሬት ላይ ተቀመጪ፣ እናትሽ አትራቅ፣ ቀናት ይፈጅ። መልሰሽ ይዘሻት የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ አያቷን በአንድ ቀን አታሳጫት።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ 3 ወሬ ነው። አጠባለሁ፣ አጥባለሁ፣ ግን ፊቴ አይፈታም። ልጁም እኔን ማየት የተወ ይመስለኛል።

መልስ፦ ይህ ስንፍናም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ዛሬውኑ፣ ብቻሽንም አትሁኚ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ እናቶች ልጃቸው ፊት ለጥቂት ደቂቃ ያለ ምንም ስሜት እንዲቀመጡ አድርጎ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ተቁነጠነጡ፣ በስተመጨረሻ ፊታቸውን አዞሩ። እናትየው ፊቷን ስትፈታ ግን መመለስ ጀመሩ። አንቺ እስኪሻልሽ ባልሽ፣ እህትሽ፣ የቅርብ ሰው በየቀኑ ያጫውቱት።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። የ4 ወር ልጅ ምን ይጫወታል?

መልስ፦ ምላስህን አውጣለት። ጠብቅ። ከሳቀ ድገም፣ ፊቱን ካዞረ ደክሞታል፣ ተወው። በቃ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ 10 ወሩ ነው፣ ስሙን ስንጠራው አይዞርም። «ባ ባ» ይል የነበረውም ቆሟል። «ወንድ ልጅ አፍ የሚፈታው ቆይቶ ነው» ይሉናል።

መልስ፦ ይሄንን አትጠብቁ። ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ ጆሮው ደህና ከሆነ የሕፃናት ሐኪሙ እድገቱን እንዲያይ ጠይቁ። «ባ ባ» ማለቱን መቼ እንዳቆመ እናቱ ቀኑን ጽፋ ይዛ ትሂድ፣ ይጠይቋታል።