ለኤች አር 128 የጮኸ አፍ አናፖሊስ ላይ ለምን ይዘጋል?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣችሁ ቡና እየጠጣችሁ የአራት ኪሎን ሹም ሽር የምትተነትኑ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እስቲ የምትኖሩበትን ወረዳ የሚወክሉትን የሜሪላንድ ዴሌጌቶች (የስቴቱ ምክር ቤት የታችኛው ቤት አባላት) ስም ጥሩልኝ። ሦስት ናቸው። አንዱን ብቻ ጥሩ። ይኸው ዝም አላችሁ። እኔም 19 ዓመት ሙሉ እንደ እናንተ ዝም ብዬ ነበር፤ ስቆጣችሁ ራሴንም ጨምሬ እየተቆጣሁ እንደሆነ ቁጠሩልኝ።

ነገሬ ስለ ሽጉጥ ነው። ሽጉጥ ማን ይታጠቅ፣ ታጥቆስ የት ይግባ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ ሳይሆን የየስቴቱ ምክር ቤት ነው። ሌሊት ሊከር ስቶር ውስጥ የምንቆመው እኛ፣ ጋዝ ስቴሽን የምናድረው እኛ፣ የማናውቀውን ሰው ከኋላ አስቀምጠን ኡበር የምንነዳው እኛ ነን። ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የሚናገረው ኤች አር 128 ኮንግረስ ውስጥ በነበረ ጊዜ ጮኸናል፤ የስቴታችን ሕግ ሲወጣ ግን አናፖሊስ፣ የሜሪላንድ ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ የለንም። ከወጣ በኋላ እንሰማና ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

1. ወረቀታችሁን እወቁ

ይህን ባጭሩ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ሕግ መሣሪያ ከመያዝ በጥቅሉ አይከለከልም። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም እንዲሁ። በመሣሪያ ጥፋት መፈረድ ግሪን ካርድ ያለውንም ሊያስባርር ይችላል። ዜጋ ሳትሆኑ ለምርጫ እንዳትመዘገቡ፣ መዘዙ ከባድ ነው። ለሕግ አውጪ መጻፍና ኮሚቴ ፊት መናገር ግን ዜግነት አይጠይቅም። የቀረውን ጠበቃ ጠይቁ። "አባቴ ምንሽር ታጥቆ ነው ያሳደገኝ" የሚለው ወግ ዳኛ ፊት አያዋጣም።

2. ረቂቁን በቁጥሩ ያዙት

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈትና ለ90 ቀናት ይሰበሰባል። በቃ። ከዚያ በኋላ የምታሰሙት ጩኸት ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ከሴኔቱ የሚነሳ ረቂቅ "ኤስ ቢ"፣ ከዴሌጌቶቹ ቤት የሚነሳው ደግሞ "ኤች ቢ" ይባላል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። ያንን ቁጥር ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ማን እንዳቀረበው፣ የትኛው ኮሚቴ ጋ እንዳለ፣ ለሂሪንግ (ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት ለሚሰማበት ስብሰባ) መቼ እንደተቀጠረ፣ ምን እንደተሻሻለበት ሁሉ ይመጣል። ነጻ ነው። "ሜሪላንድ ሽጉጥ ከለከለች" የሚል ዩቲዩብ አይታችሁ አትደንግጡ፣ አትደሰቱም።

ምሳሌው የቅርብ ነው። በፈረንጆቹ ጁን 23 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሽጉጥ ይዞ ለመውጣት ልዩ ምክንያት የሚጠይቀውን የኒው ዮርክን ሕግ ሲሽር፣ ሜሪላንድ ለመያዣ ፈቃድ (ሽጉጥ ይዞ ከቤት ለመውጣት) ትጠይቀው የነበረው "በቂና አሳማኝ ምክንያት" የሚለው መስፈርትም አብሮ ወደቀ። በጁላይ ገዥው ላሪ ሆገን ፖሊስ ያንን መስፈርት መጠየቅ እንዲያቆም አዘዙ። ፈቃድ ጠያቂው ጎረፈ። ምክር ቤቱ በ2023 ሲከፈት መልሱ ኤስ ቢ 1 ሆኖ መጣ። ያ ረቂቅ መጀመሪያ ሲጻፍ ለሕዝብ አገልግሎት ከሚሰጥ ቦታ በ100 ጫማ ርቀት ውስጥ መሣሪያ ይዞ መገኘትን የሚከለክል ነበር። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከአንድ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት 100 ጫማ ርቃችሁ መራመድ ከቻላችሁ አሳዩኝ። በኮሚቴና በክርክር ሲያልፍ ያ አንቀጽ ወጣ፣ በምትኩ የተከለከሉ ቦታዎች ዝርዝር ገባ፦ ልጆች የሚውሉበት፣ የመንግሥት ሕንፃ፣ ስታዲየም፣ ሙዚየም፣ አልኮል ተቀምጦ የሚጠጣበት ቤት። በሰው ቤት ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም ተባለ። ገዥው ዌስ ሙር በሜይ 16 ፈረሙበት፣ የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር የሆነው ናሽናል ራይፍል አሶሲዬሽን የደገፈው ክስ በዚያው ቀን ተመሠረተ፣ ሕጉ ኦክቶበር 1 ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው የፌደራል ዳኛ የአልኮል ቤቱን ጨምሮ አንዳንድ አንቀጾችን አገዱ። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ቀጥሏልና ዛሬ የሚሠራውን ሳታረጋግጡ በ2023 ወሬ አትመሩ።

ከጃንዋሪው ወረቀት እስከ ሜይ ፊርማ ድረስ ረቂቁ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። ያንን ያደረጉት በመሐል የተናገሩ ሰዎች ናቸው፤ ደጋፊም ተቃዋሚም። ከኮሚቴ ሳይወጣ የሚሞተው ረቂቅ ብዙ ነው፤ መናገር የሚጠቅመውም እዚያ ሳለ ነው።

3. የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

ሴናተሮቹ 47፣ ዴሌጌቶቹ 141 ናቸው። ለ188ቱም አንድ ኢሜይል የሚበትን ጀግና አውቃለሁ። ማንም አላነበበለትም። ሕግ አውጪ መጀመሪያ የሚያየው አድራሻችሁን ነው፤ የሱ ወረዳ ሰው ካልሆናችሁ በትህትና ያልፋችኋል። ስለዚህ ስማችሁን፣ የቤት አድራሻችሁን፣ የረቂቁን ቁጥር፣ ደግፉ ወይም ተቃወሙ የሚለውን፣ ከዚያ የራሳችሁን አንድ ምክንያት ጻፉ። ከሌላ የተገለበጠ ደብዳቤ አትላኩ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ግድ የለም፤ "በዚህ መንገድ ላይ ሱቅ አለኝ፣ ሁለት ጊዜ ተዘርፌያለሁ" የሚል ሰባራ ዓረፍተ ነገር ከተወለወለ ድርሰት ይበልጣል። ስልክም ደውሉ። የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ወጣት ረዳት ነው፣ አትናቁት፤ መዝግቦ የሚያስተላልፈው እሱ ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ኤስ ቢ 1ን ያቀረቡት ሴናተር ጄፍ ዋልድስትራይከር የ18ኛው ወረዳ ናቸው። ረቂቁን የመረመረው የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዊል ስሚዝ ደግሞ (ተዋናዩ አይደሉም፣ አትሳቁ) የ20ኛው ወረዳ ናቸው። ሁለቱም ወረዳዎች ሲልቨር ስፕሪንግን ይነካሉ። ሕጉ የተወለደውም የተመረመረውም በእኛው ሰፈር ተወካዮች እጅ ነበር! ሌላው ስቴት ያለ ሐበሻ ሰብሳቢው ጋ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይነዳል፤ እኛ በር ላይ ቆመን ማንኳኳት አቃተን።

4. ኮሚቴ ፊት

መመዝገብ ያለባችሁ ሂሪንጉ ከመድረሱ በፊት፣ ምክር ቤቱ በወሰነው ጊዜ ውስጥ በድረ ገጹ ነው። ጠዋት ሄጄ እመዘገባለሁ የሚባል ነገር የለም። የሚሰጣችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። እኔ በኋላ በሌላ ረቂቅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር፣ እንደ አገሬ ወግ ሰብሳቢውን አመስግኜ፣ አባላቱን አመስግኜ፣ ስለ ዕድሉ አመስግኜ፣ ከየት እንደመጣሁ ተናግሬ፣ "ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ" ስል ሰዓቱ አለቀ። ከዋናው ጀምሩ።

5. ምን አገባን

አንድ ጓደኛ ነበረኝ። አለ፣ ግን እዚህ የለም። ሊከር ስቶር ውስጥ ሌሊት ይሠራ ነበር። በ2021 ክረምት ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ተደግኖ ካዝናውን አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መስፈርቱ ሲላላ ሥልጠናውን ወስዶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ፈቃዱን አወጣ። ኤስ ቢ 1 ፈቃድ ያለውንም ሊከለክል ሲመጣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ምግብ ቤቴ መጣ።

ያለኝን አልረሳውም። "ሕጉ እኮ ለባለቤቱ አስቦለታል" አለኝ። እውነቱን ነበር። በሜሪላንድ የንግድ ቤት ባለቤት በገዛ ቤቱ ውስጥ ያለ መያዣ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ባለቤቱ የፈቀደለት ተቆጣጣሪ ሠራተኛም እንዲሁ። "ባለቤቱ ሌሊት ተኝቷል። ሱፐርቫይዘሩም ተኝቷል። ካውንተሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሕጉ ውስጥ የለሁም። ይህን ሄጄ ልንገራቸው፣ አብረኸኝ ና፣ እንግሊዝኛ ትረዳኛለህ።"

እኔ ምን አልኩት? "ተው ባክህ፣ በሰው አገር ምን አገባን።"

ይህን ያልኩት ሰውዬ፣ ኤች አር 128 ኮንግረስ ውስጥ በነበረ ጊዜ ስንት ቀን ሥራ ቀርቼ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ከርሜያለሁ። ታስታውሳላችሁ። ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ይዞታ የሚናገር የውሳኔ ሐሳብ ነበር። የማን ተወካይ ፈረመ፣ የማን አልፈረመም እያልን በዝርዝር እንከታተል ነበር። በወረዳቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን የነበሩት የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ከፊት ቆሙ። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 አለፈ፣ ተቃቀፍን። የደገፈውም የተቃወመውም ሐበሻ ያኔ ሎቢ ማድረግ ምን እንደሆነ ተምሯል። ስለዚህ "አናውቅበትም" አትበሉኝ። እናውቅበታለን! የምናውቀውን ለሩቁ አድርገን ልጆቻችን ለሚያድጉበት ሰፈር ሲሆን እጃችን ይታሰራል። ያ ደግሞ የአስገዳጅነት ኃይል የሌለው የውሳኔ ሐሳብ ነበር፤ ይህኛው ፖሊስ ይዞን የሚያስረን ሕግ ነው።

የባሰው እኔ ከጓደኛዬ ጋር አልስማማም ነበር። ምግብ ቤቴ ውስጥ ቢራ የሚጠጣ ሰው ሽጉጥ ታጥቆ እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ ዛሬም አልፈልግም። እሱን ሄጄ መናገር ነበረብኝ። እሱ የሱን፣ እኔ የኔን፣ አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን እየተከራከርን አናፖሊስ ድረስ መሄድ እንችል ነበር፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከመላው ሰፈራችን የጻፈች አንዲት ሴት ብቻ አውቃለሁ፣ ቡና የምታፈላ እናት ናት። "ልጄ ባለበት ቤት ሽጉጥ አይግባ" ብላ በስምንት መስመር ጻፈች። መልስም መጣላት። ያንን መልስ ዛሬም ፍሬም አስገብታ ከመስቀሉ ሥዕል ጎን ሰቅላዋለች።

ጓደኛዬ አልሄደም። ብቻውን ፈራ። በኤፕሪል ሕጉ ሲያልፍ ካፌ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ፣ ይኸ ጎዶሎ ነው፣ ያ ትርፍ ነው እያልኩ። እሱ ስኒውን አስቀምጦ አየኝ። ምንም አላለም። ያን ዓመት ሳያልቅ ዳላስ ሄደ።

በቀደም ደወለ። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ሕግ ያልከለከለው 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይታጠቃል፤ "እዚህማ ካውንተሩ ማዶ ያለው ሁሉ ታጥቋል፣ አሁን ደግሞ ያ ያስፈራኛል" አለኝ። እዚያ ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በጎዶሎ ዓመት ብቻ፣ ለ140 ቀናት ነው። ተወካይህ ማነው አልኩት። አላውቅም አለ። አድራሻውን ላከልኝ፣ ፈልጌ ስሙንና የቢሮውን ስልክ መልሼ ላክሁለት። "ስደውልላቸው መስመር ላይ አብረኸኝ ትሆናለህ?" አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ተቀጣጥረናል። እኔ ምግብ ቤቱን አንድ ሰዓት ዘግይቼ እከፍታለሁ።