ደሴ ላይ አሮጌው ሆቴል ልግባ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሥሪያ ቤትሽ ለ10 ቀን ሥራ ደሴ ይልክሻል። አልጋ የተያዘልሽ ፒያሳ አካባቢ፣ ከቆዩት ሆቴሎች በአንዱ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ «ሕንጻው አርጅቷል፣ ሰዎቹ ግን ጥሩ ናቸው» ብለውሻል። እዚያ ትግቢ ወይስ ኮምቦልቻ እያደርሽ ትመላለሺ?

እኔ ኦዲተር ነኝ። ከ2008 ጀምሮ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደሴ እመጣለሁ። የማርፈውም አንቺ እንደገለጽሽው ባለ ሆቴል ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። መልሴ ግቢ ነው። ግን መጀመሪያ ክፍሉን አይተሽ ግቢ።

አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች አንድ አይደሉም። አንዱ ዓምና ቧንቧው ተቀይሯል፣ ሌላው ከተሠራ ጀምሮ የነካው የለም። ዋጋቸው ግን እኩል ነው። ስለዚህ ቁልፍ ሲሰጡሽ ሻንጣሽን ሪሴፕሽን ትተሽ ወደ ክፍሉ ውጪ። ቧንቧውን ክፈቺ። የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ሞክሪው፤ ብቻሽን ስለሆንሽ ይሄን እንዳትዘነጊ። መስኮቱ ሥር ግድግዳውን በእጅሽ ንኪው፣ እርጥበት ካለው ይቅርብሽ። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ የመጨረሻው ፎቅ ላይ አትውጪ፣ ጣሪያው ሊያፈስ ይችላል። «ሌላ አሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። የእኔዎቹ ሦስት ክፍል ድረስ አሳይተውኝ ፊታቸውን አላጠቆሩም።

በመንገድ በኩል ያለውንም አትውሰጂ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ከባድ መኪና ሌሊት ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። የኋላውን ጠይቂ። አዛኑና ቅዳሴው ግን በየትም በኩል ብትተኚ ይሰማሻል። እኔ ለምጄዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ደሴ መግባቴን የማውቀው ያኔ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሙቅ ውሃ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጉም ሲወርድ አጥንት ይገባል። የመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጉዤ ነበር። መንገድ ላይ ተበላሽቶብን ማታ 3 ሰዓት ገባሁ። ቦይለሩን ባበራው አይበራም። ሊፍቱም አይሠራም ነበር። ሪሴፕሽን ደወልኩ። እንደ ብዙ ቦታ «እሺ እናያለን» ብለው የሚዘጉ መስሎኝ ልብሴን ሳልቀይር አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ ከወጥ ቤት ሁለት ባልዲ ሙቅ ውሃ ይዘው ቆመዋል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ነው የወጡት። «አብሽሪ ልጄ፣ ዛሬን በዚህ ታጠቢ፣ ጠዋት ይሠራልሻል» አሉኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ መጣ። ዋናው እሱ ነው። ባልዲ ማምጣት ደግነት ነው፤ በማግስቱ ባለሙያውን መላክ ደግሞ ሥራ ማወቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘሁበት ቦታ ብዙ አይደለም።

በሌላ ጊዜ ሞልቶባቸው አዲስ ሆቴል ገብቼ ነበር። ወለሉ ፊት ያሳያል። ማታ ውሃ ጠፋ። ስልክ የሚያነሳ አጣሁ። ወርጄ ስጠይቅ «ጄኔሬተር ሲነሳ ይመጣል» ተባልኩ። ጠዋት ፊቴን የታጠብኩት ገዝቼ በያዝኩት የታሸገ ውሃ ነው።

ቦይለሩ ቢሠራም ትዕግሥት ይፈልጋል። 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1.5 ኪሎዋት የሆነ ቦይለር ቀዝቃዛውን ውሃ ለማሞቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ውስጡ ድንጋይ የመሰለ ዝቃጭ የያዘ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ብዙ እንግዳ አምስት ደቂቃ ጠብቆ «ሙቅ ውሃ የለም» ይላል። እራት ልትበዪ ስትወርጂ አብሪው፣ ስትመለሺ ይደርስልሻል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለመብራትና ለወጥ ቤት ነው፣ ቦይለር አያስነሳም። ስለዚህ ጠዋት ላይ አትመኪ።

አንድ ነገር ግን በጥሩ አገልግሎት አይካስም፤ የኤሌክትሪክ መስመር። አንድ ክፍል ውስጥ ልብስ ልተኩስ ካውያ ሰካሁና ሶኬቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው ክፍል ቀየሩልኝ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ሶኬቱ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ እንዳለ ነበር። በዚህ በጣም አዝኛለሁ፣ በጽሑፍም ነግሬያቸዋለሁ። ቦይለሩ በርቶ ሳለ ካውያ አትሰኪ። ልብስሽን ለላውንደሪ ስጪ፤ በዝናብ ወቅት ግን አንድ ቀን ጨምረሽ አስቢ፣ በደሴ ጉም ልብስ ቶሎ አይደርቅም።

ጥር ላይ ከሆነ የምትመጪው፣ አዳራሹ ለሠርግ ተይዟል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እኔን አንድ ጊዜ ሪሴፕሽኗ ራሷ ከሰዓት በፊት ደውላ «ዛሬ ማታ ሠርግ አለ፣ ሥራ ስላለብዎት ራቅ ያለ ክፍል ላዘጋጅልዎት?» አለችኝ። ሳልጠይቃት።

ስለ ሰዎቹ ይህን ያህል የማወራው በምክንያት ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከተማዋ ብዙ ተጎድታለች። ከዚያ በኋላ ስመጣ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም፣ ፍራሹ ሌላ ነው፣ መጋረጃው በአንሶላ ተተክቷል። እነዚያ የጽዳት ሠራተኛ ግን ነበሩ። ሌሊት ጠባቂውም ነበር። ስሜን ጠርተው ሲያቅፉኝ አለቀስኩ። እነሱ ያሳለፉትን እያወቅኩ ስለ ሊፍት ማንሳት አላስቻለኝም።

ደረሰኝ እንዳትረሺ። ሒሳብ የምታወራርጂ ከሆነ የመሥሪያ ቤትሽን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ደረሰኙ ከመመታቱ በፊት ስጪያቸው። አንዴ ከማሽኑ ከወጣ ማስተካከል ጣጣ ነው። የተነገረሽ ዋጋ 15 በመቶ ቫቱንና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያውን ይጨምር እንደሆነም አረጋግጪ። ብዙ ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ክፍልሽን ለሚያጸዱት ግን የምትሰጪውን በእጃቸው ስጪ።

ኮምቦልቻን በተመለከተ፣ ሥራሽ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ፋብሪካዎቹ ጋ ቢሆን ኖሮ እዚያው እደሪ እልሽ ነበር። ሞቅ ያለ ነው፣ ሆቴሎቹም አዳዲስ ናቸው። ሥራሽ ደሴ ከሆነ ግን 25 ኪሎ ሜትሩ አጭር መስሎ እንዳይሸውድሽ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ በየቀኑ መውጣትና መውረድ ማለት ነው። ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ጉም ከወረደ ከፊት ያለው አይታይም። አንድ ምሽት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ እየፈለገ ሲነዳ አይቻለሁ። በአውሮፕላን ከሆነ የምትመጪው የምታርፊው ኮምቦልቻ ነውና የጠዋት በረራ ካገኘሽ እሱን ያዢ፣ ሐረጎን በቀን ትወጪዋለሽ። ቀኑን ከነገርሽኝ ሪሴፕሽን ደውዬ የኋላውን ክፍል እንዲያቆዩልሽ እጠይቅልሻለሁ።