ሚዛኑን ተዉት፣ ትንፋሹን እዩ፦ ስለ ልጆች አካል ብቃትና አመጋገብ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። 19 ዓመት ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። በመሃል ስለ ልጆች አመጋገብ ተጨማሪ ትምህርት ተምሬያለሁ። ሐኪም ግን አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የሐኪም የሆነውን ወደ ሐኪም እመራለሁ፣ ሌላውን የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሉ ጠይቁኝ።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)፦ "እኛ ልጅ ሳለን እንዲህ ነበርን" ማለት የሁሉም ትውልድ ወሬ ነው። እውነት የዛሬ ልጆች ከእኛ ይደክማሉ ወይስ ትዝታችን ነው?

መልስ፦ ትዝታ ብቻ አይደለም። በ2013 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት አለ። ከ1964 እስከ 2010 በ28 አገሮች የተለካ የ25 ሚሊዮን ልጆችን የሩጫ ውጤት አንድ ላይ አየ። ልጆች ረጅም ሩጫ የመቋቋም አቅማቸው በየአስር ዓመቱ 5 በመቶ ገደማ ወርዷል። በሰዓት ሲታይ ደግሞ የዛሬ ልጅ 1.6 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ፣ ከ30 ዓመት በፊት ከነበረ እኩያው 90 ሰከንድ ያህል ይዘገያል።

ግን እውነቱን ሙሉ ልናገር። በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት፣ በበለጸጉ አገሮች ውድቀቱ ከ2000 ወዲህ ጋብ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ "ትውልዱ አለቀለት" የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ጋብ አለ ማለት ግን ተመልሶ ወጣ ማለት አይደለም። ታች ወርዶ ነው የቆመው።

ጥያቄ (አባት)፦ የእኔ ልጅ ቀጭን ነው። የፈለገውን ቢበላ ጠብ አይልበትም። ስለ ውፍረት የሚወራው እሱን አይመለከትም አይደል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ በዓመት ሃያ ጊዜ እሰማለሁ። ወንድሜ፣ ሚዛኑን ተወውና ትንፋሹን እይ።

ክፍሌ ውስጥ ወፈር ብለው ሩጫውን ደህና አድርገው የሚጨርሱ ልጆች አሉ። ሸንበቆ መስለው ሁለት ዙር ሳይሞላ ጎናቸውን ይዘው የሚቀመጡም አሉ። ወላጅ የሚጨነቀው ስለ መጀመሪያዎቹ ነው። እኔ የምጨነቀው ስለ ሁለተኞቹ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አያያቸውም። ቀጭን ልጅ ልቡ ሳይጠነክር፣ ጡንቻው ሳይዳብር፣ ጥርሱ በስኳር ተበልቶ ሊያድግ ይችላል። አጥንትም አለ። አብዛኛው የአጥንት ጥንካሬ የሚገነባው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ነው። የሚገነባው ደግሞ አጥንቱ ላይ ጫና ሲያርፍ ነው፦ ሲዘል፣ ሲሮጥ፣ ሲንጠለጠል።

እቤትህ ሞክረው። አብራችሁ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ከበድ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ጤነኛ ልጅ ቀላል ደረጃ ወጥቶ እዚያ ከባዱ ጋ ከደረሰ፣ ሚዛኑ ያልነገረህን ትንፋሹ ነገረህ ማለት ነው። ደረቱን የሚያመው፣ የሚያፏጭ ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ ግን ነገሩ የስፖርት አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ውሰደው።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ደቂቃ? በአንዴ ነው ወይስ ተከፋፍሎ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይላል፤ መካከለኛና ከበድ ያለ እንቅስቃሴ። በሳምንት 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር ይግባበት ይላል። ተከፋፍሎ ይቻላል። 10 ደቂቃ ገመድ ዝላይ፣ 15 ደቂቃ ኳስ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚኬድበት መንገድ፣ ሁሉም ይቆጠራል። የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በቀን 180 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል፤ አትደንግጡ፣ ካልከለከላችኋቸው ራሳቸው ይሞሉታል።

ጥያቄ (የ11 ዓመት ልጅ አባት)፦ ፑሽ አፕና ክብደት ማንሳት ቁመት ያስቀራል ይባላል።

መልስ፦ አያስቀርም። በአግባቡ የተሠራ የጡንቻ ልምምድ ዕድገት እንደማይገታ በደንብ ተጠንቷል። የሚጎዳው አሠራሩ ሳይታወቅ፣ ያለ ተቆጣጣሪ፣ "ማን ይበልጣል" ተብሎ ከአቅም በላይ ማንሳት ነው። በገዛ ሰውነቱ ክብደት ይጀምር።

ጥያቄ (እናት)፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። እስከ አምና ስትሮጥ ውላ ስትሮጥ ታመሽ ነበር። ዘንድሮ ስፖርት ሲባል "ሆዴን አመመኝ" ትላለች። ሰነፈች?

መልስ፦ አልሰነፈችም፣ እህቴ። ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ።

በ2019 የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ አሳይቷል። ወንዶቹ 78 በመቶ፣ ሴቶቹ 85 በመቶ። ልዩነቱ የተፈጥሮ አይመስለኝም። እኔ ሜዳ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰውነቷ መለወጥ ይጀምራል። ስትሮጥ የሚያይ ዓይን ይበዛል። ጡቷን ደግፎ የሚይዝ ልብስ የላትም፣ ለመጠየቅም ታፍራለች። የወር አበባዋ ሲመጣ የምትቀይርበት ቦታ ከሜዳው ሩቅ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እኛ መምህራን ጎበዞቹን መርጠን ቡድን ስንሠራ፣ የቀረችው ልጅ ጥግ ላይ ቆማ ልብስ ትጠብቃለች። እኔም አድርጌዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለዚህ "ለምን አትሮጪም" አትበያት። የሚመች ልብስ ግዢላት። ሳትቆጪ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ምን እንደሚያሳፍራት ጠይቂያት። ከዚያ ውድድር የሌለበት ነገር ፈልጉ፦ ጭፈራ፣ ብስክሌት፣ ዋና፣ ከጓደኛ ጋር ረጅም የእግር መንገድ። አብረሻት ብትሄጂ ደግሞ የበለጠ ነው። ሆዷን አመመኝ ማለቷንም ዝም ብለሽ አትለፊው፤ እውነትም አሟት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለስላሳ አቁመን ጁስ ጀምረናል። ጥሩ ሠራን?

መልስ፦ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ጣሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከተጨማሪ ስኳር የሚገኘው ኃይል ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ይሻላል ይላል። በቀን 1600 ካሎሪ ለሚበላ ልጅ አሥሩ በመቶ 40 ግራም ነው። አንዷ ጣሳ ልትጨርሰው ምን ቀራት?

አሁን ስለ ጁስ። በዚያው መመሪያ ጁስና ማር ውስጥ ያለው ስኳርም እዚያው ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ፍሬው ሲጨመቅ ቃጫው (ፋይበሩ) ይቀራል፣ ስኳሩ ይመጣል። አንድ ልጅ ሦስት ብርቱካን ላጥ አድርጎ ቁጭ ብሎ አይበላም፤ የሦስት ብርቱካን ጁስ ግን በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ፍሬውን ስጡት። ለጥም ውሃ።

ጥያቄ (አያት)፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ አትክልት ሲያይ ፊቱን ያዞራል። "ይሄን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ" እያልኩ ነው የማበላው። ወላጆቹ ተቆጡኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ፍቅርዎ ጥፋት የለበትም። ዘዴው ነው የሚከዳዎ። "ይሄን ከጨረስክ ያንን" ሲሉት ልጁ የሚሰማው ሌላ ነው። አትክልቱ ቅጣት፣ ከረሜላው ሽልማት ነው ብሎ ይይዘዋል። ልጅን ጨርስ ብሎ ማስገደድ ያንን ምግብ የበለጠ እንደሚያስጠላው፣ ጣፋጭን አጥብቆ መከልከልም የበለጠ እንደሚያስመኝ ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል።

ይልቅ ሥራውን ይካፈሉ። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ከቀረበው ስንት እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነው። አትክልቱን በትንሹ፣ ከሚወደው ጎን ያስቀምጡለት። ካልበላ ምንም አይበሉት፤ በሌላ ቀን ደግመው ያቅርቡ። አንድ ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪለምድ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሊቀምስ ይችላል። አብዛኞቻችን ሦስተኛው ላይ "አይወድም" ብለን እንዘጋዋለን። እርስዎ ደግሞ ፊት ለፊቱ ይብሉት፣ እየጣመዎት። ልጅ ከሚሰማው የሚያየውን ይዞ ነው የሚያድገው።

ጥያቄ፦ "በፋብሪካ የተቀነባበረ" ስትሉ የታሸገ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የታሸገ ወተት፣ የደረቀ ባቄላ፣ የቀዘቀዘ አትክልት ምንም አይሉም። የሚያስቸግረው ቤት ውስጥ በማታገኙት ነገር፣ በማጣፈጫ፣ በማቅለሚያና በማወፈሪያ የተሠራው ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ 20 አዋቂዎችን ምርምር ማዕከል አስገብተው ሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ አቀረቡላቸው። የቀረበው ስኳሩም፣ ስቡም፣ ጨውም ተመጣጣኝ ነበር። ሰዎቹ ግን በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ሆድ ሳይነግራቸው ነው። ልጆች ላይ የተሠራ አይደለም፣ ግን የልጅ ሆድ ከአዋቂ ሆድ ይበልጥ ብልህ ነው ብዬ አላስብም።

ማሸጊያው ላይ ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙ ወደ ትንሽ ነው። ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ ጣፋጭ ገዛችሁ፣ ምንም ያህል "ለልጆች ዕድገት" ቢልም።

ጥያቄ (የ15 ዓመት ልጅ)፦ ክፍል ውስጥ "በርሜል" ይሉኛል። በአንድ ወር 10 ኪሎ መቀነስ እፈልጋለሁ። ቁርስና እራት ትቻለሁ። ስንት ኪሎ ሜትር ልሩጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁርስህን ብላ።

እያደግህ ነው። በዚህ ዕድሜ መራብ የሚቀንሰው ስቡን ብቻ አይደለም፤ ጡንቻህንም ዕድገትህንም ይነካል፣ ከዚያ ማታ ያገኘኸውን ሁሉ እንድትበላ ያደርግሃል። ለብዙ ልጆች የሚመከረው ኪሎ መጣል አይደለም፤ ቁመት ሲጨምር ክብደቱ ባለበት እንዲቆይ ማድረግ ነው። ያንተን ሐኪም ይወስን። አንገትህ ወይም ብብትህ አካባቢ ቆዳህ ጠቁሮ ከወፈረ፣ ማታ በጣም የምታንኮራፋ ከሆነ፣ ውሃ ጥምና ሽንት ከበዛብህ ቶሎ ሂድ። እነዚህ ምልክቶች ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው።

ለጊዜው ለስላሳውን በውሃ ቀይር፣ በቀን 20 ደቂቃ ተራመድ። ሩጫው ይደርሳል። ስሙን ስላወጡልህ ልጆች ደግሞ ለምታምነው አንድ አዋቂ ንገር። እሱ ያንተ ችግር አይደለም፣ የእነሱ ነው።

ጥያቄ (መምህርት)፦ ሜዳም ኳስም የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በ2012 ስኮትላንድ ስተርሊንግ ከተማ አንዲት ርዕሰ መምህርት ተማሪዎቿ ቶሎ መድከማቸውን አይታ በየቀኑ 15 ደቂቃ ውጭ እንዲሮጡ ወይም እንዲራመዱ አደረገች። የስፖርት ልብስ የለ፣ ውድድር የለ፣ ባሉበት ልብስ። ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። የክፍሉ ዙሪያ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፦ ሩጫን ቅጣት አታድርጊው። "ስላወራህ አምስት ዙር" የተባለ ልጅ ሩጫን ዕድሜ ልኩን ይጠላዋል።

ጥያቄ፦ ስልክስ? እንቅልፍስ?

መልስ፦ ስልኩ ራሱ ሳይሆን የነጠቀው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ስልክ መኝታ ክፍል አይደር፣ ምግብ ላይም አይቅረብ። ስክሪን እያየ የሚበላ ልጅ መጥገቡን አይሰማም። የእናንተም ስልክ ይቆጠራል።

ጥያቄ (እናት)፦ ይቅርታ፣ ግን ሁሉም ወላጅ ላይ ነው የሚወድቀው። ከጨለማ እስከ ጨለማ እሠራለሁ። ርካሹ፣ ቅርቡና ልጁ የሚያለቅስለት ያው አንድ ነገር ነው።

መልስ፦ ልክ ነሽ። አልከራከርሽም። ልጆቻችን አልሰነፉም፤ ቀኑን እንዳይንቀሳቀሱ አድርገን የሠራነው እኛ አዋቂዎች ነን። መንገዱን ለመኪና ሰጥተን፣ ባዶ ቦታውን አጥረን፣ ጣፋጩን በልጅ ቁመት መደርደሪያ ላይ ደርድረናል። ያንን አንዲት እናት ብቻዋን አታስተካክለውም። ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ የበዛበት ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት አስለጠፈች፣ የካርቱን ሥዕሎችንም ከላዩ አስነሳች። ብሪታንያ በ2018 ስኳር የበዛባቸው ለስላሳዎች ላይ ቀረጥ ስትጥል ብዙ ፋብሪካዎች ስኳሩን ራሳቸው ቀነሱ። ልጆቹ ምንም አልተመከሩም፣ ስኳሩ ነው የቀነሰው።

አንቺ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፦ ቤት ውስጥ የሌለ ነገር አያጨቃጭቅም። ክርክሩን ሱቅ ላይ አንዴ ጨርሺው፣ ቤት በየሰዓቱ ከምትከራከሪ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ግን ብስኩት አይበሉም?

መልስ፦ እበላለሁ። ትናንት ማታ ወንበር ላይ ቆሜ ቁም ሳጥን ላይ ስፈልግ ልጄ ያዘችኝ። "አባዬ፣ ቤት ውስጥ የሌለ ነገር አያጨቃጭቅም አላልክም?" አለችኝ። ግማሹን ሰጥቻት ዝም አሰኘኋት። ጉቦ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።