«ምርጥ ጌም» ከማለት በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ሠላሳ ዓመት ገደማ የኖርኩበት ሙያ የሶፍትዌር ፍተሻ ነው። ተጠቃሚዎች «አይሠራም» ብለው የሚልኩትን ቅሬታ እየተቀበልኩ፣ የማይሠራው ምኑ እንደሆነ፣ መቼና በየትኛው ማሽን ላይ እንደሆነ ሳጣራ ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከልጅ ልጄ ጋር አርፒጂ የሚባሉትን፣ ገጸ ባሕርይ ፈጥረን በታሪኩ ውስጥ የምንጓዝባቸውን የኮምፒውተር ጨዋታዎች እንጫወታለን። እሱ ጨዋታ የሚመርጠው ሌሎች የሰጡትን ነጥብ ብቻ አይቶ ነው፤ የጨዋታ አስተያየት እንዴት እንደሚነበብና እንደሚጻፍ የምጽፍላችሁም በዚያ ምክንያት ነው።

ነገሩ የገንዘብም ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው ባልደርስ ጌት 3 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 2023 ሲወጣ ዋጋው 60 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በላይ 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ወጣት ይህ እስኪ ልሞክረው ተብሎ የሚጀመር ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር እወቁ። የኮምፒውተር ጨዋታዎች የሚሸጡበት የኢንተርኔት መደብር ስቲም ገዢውን የሚጠይቀው ይህን ጨዋታ ለሌላ ሰው ይመክር እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ 95 በመቶ ማለት አስተያየት ከሰጡት መቶ ሰዎች 95ቱ መከሩት ማለት እንጂ ጨዋታው ከመቶ 95 አገኘ ማለት አይደለም፤ ሁሉም «ደህና ነው» ብለው ያለፉትና ሁሉም እንቅልፍ ያጡለት ጨዋታ እኩል በመቶኛ ሊይዙ ይችላሉ። ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ ግን የሐያሲያንን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ ያወጣል። በ2010 የወጣው ፎልአውት ኒው ቬጋስ በዚያ ሚዛን 84 አገኘ፤ ከሠራው ስቱዲዮ ከኦብሲዲያን መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ኋላ እንደገለጸው፣ ለስቱዲዮው ቦነስ የሚከፈለው ነጥቡ 85 ከሞላ ብቻ ስለነበር በአንድ ነጥብ ቀረባቸው። ጨዋታው በወጣበት ሰሞን በብልሽት የተሞላ እንደነበር እውነት ነው። ብልሽቱ በየጊዜው ሲጠገን፣ የተጫዋቹ ውሳኔ የሚያስከትለው መዘዝ ጎልቶ ታየና ዛሬ ብዙ የዘርፉ ወዳጆች ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጡታል። ነጥቡ ግን እዚያው 84 ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር የተናጋሪው ማንነት ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው። በ2019 የወጣው ዲስኮ ኤሊዚየም ሰይፍ የማይመዘዝበት ጨዋታ ነው፤ ማንነቱን የረሳ መርማሪ ፖሊስ ሆናችሁ፣ 24 ክህሎቶቻችሁ በጭንቅላታችሁ ውስጥ እየተከራከሩ፣ ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ ካለው ጽሑፍ መካከል መንገዳችሁን ትፈልጋላችሁ። ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ከመጀመሪያውም አይገዛውምና ውዳሴው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ከተማረከ ሰው ነው። «ሦስት ሰዓት ሙሉ አነበብኩ፣ አንድም ውጊያ የለም» የሚል ዓይነት ቅሬታ ግን ጨዋታውን በትክክል ይገልጸዋል፤ የልጅ ልጄን ያስሸሸው ያው ቃል እኔን አስገዛኝ። እንግሊዝኛው በፖለቲካ ቀልድና በፈሊጥ የታጨቀ መሆኑንም ልጨምር፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያነብ አስተያየት ሰጪ ይህን ልብ አይለውም፣ በሁለተኛ ቋንቋችን ለምናነብ ግን የምሽቱን ድካም እጥፍ ያደርገዋል።

ከአስተያየቱ አጠገብ የተጻፈውን የጨዋታ ሰዓትም አትለፉት። ባልደርስ ጌት 3ን 20 ሰዓት ተጫውቶ ያወደሰ ሰው ገና ሦስተኛውን ክፍል አላየም፤ በሰው በተጨናነቀው ከተማ ውስጥ የብዙዎች ኮምፒውተር መንቀርፈፍ የጀመረው ግን እዚያ ነበር። መጨረሻው በድንገት ተቆረጠ ያሉም ነበሩ። ቤልጅየም የሚገኘው ላሪያን ስቱዲዮ በኅዳር 2023 ባወጣው ማሻሻያ የመዝጊያ ትዕይንት ጨመረ፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ አስተያየት የሚናገረው ስለ ሌላ መጨረሻ ነው። የ1998ቱን የመጀመሪያውን ባልደርስ ጌት የምናስታውስ አዛውንቶችም በሦስተኛው ባልደርስ ጌት ውጊያው በየተራ መሆኑን አልወደድነውም ነበር፤ በድሮው ጊዜውን አቁመን ትእዛዝ እንሰጥና እንደገና እንለቀው ነበርና። ይህ የልማድ ቅሬታ ነው፤ ዛሬ ለሚጀምር ሰው ምንም አይነግረውም።

የልጅ ልጄ ባልደርስ ጌት 3ን ሲጨርስ አስተያየት ጻፈ፤ «ምርጥ ጌም» ይላል። በሥራ ዘመኔ ለጀማሪ ባልደረቦቼ ያልተሟላ ሪፖርት እንደምመልስላቸው፣ በስንተኛው ሰዓት፣ የት ቦታ፣ በምን ዓይነት ማሽን ብዬ መለስኩለት። አኩርፎ ሄደ። ማታ ላይ ያሳየኝ አዲሱ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «70ኛው ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ ስገባ ላፕቶፔ መንቀርፈፍ ጀመረ። ግራፊክሱን ቀንሼ ቀጠልኩ። ውጊያው አንዳንዴ ይረዝማል፤ በጨዋታው ውስጥ አብረውኝ የሚጓዙትን ጓደኞቼን ጥዬ መሄድ ግን አልቻልኩም።»