ከኮምቦልቻ ሆኖ ከጎረቤት አገር ጋር የስፔስ ምርምር፦ ከመሣሪያው በፊት ወረቀቱ

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። ኮምቦልቻ የፊዚክስ መምህር ነህ። ከኬንያና ከኡጋንዳ ተመራማሪዎች ጋር በሬዲዮ አስትሮኖሚ ወይም በስፔስ ፊዚክስ መሥራት ትፈልጋለህ። መሣሪያም በጀትም የለህም፤ «ከየት ልጀምር?» ነው ያልከው። እኔ ደሴ ነኝ፣ ያንኑ መንገድ ሄጄበታለሁ። አብሽር፣ ያየሁትን ልንገርህ።

1. ሬዲዮ ቴሌስኮፑን ለጊዜው አቆየው። በኤስኬኤ (ግዙፉ ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ) ፕሮጀክት ከደቡብ አፍሪካ ጋር አጋር የሆኑት 8 የአፍሪካ አገሮች ናቸው። ኬንያ አለችበት፣ እኛ የለንበትም። ጋና ኩንቱንሴ ላይ የነበረውን 32 ሜትር ስፋት ያለው የድሮ የሳተላይት ዲሽ ወደ ቴሌስኮፕ ቀይራ በ2017 እ.ኤ.አ. አስመርቃለች። ያስቀናል፣ እውነቴን ነው። ለተማሪዎችህ ማሳያ ከፈለግክ 1420 ሜጋኸርዝ ላይ የሃይድሮጅንን ሲግናል የሚይዝ አንቴና ከቆርቆሮና ከርካሽ የዩኤስቢ ሪሲቨር መሥራት ይቻላል። ለትብብር ግን ከዚህ የተሻለ ነገር በእጃችን አለ።

2. እሱም ቦታችን ነው። የምድር ወገብ በኬንያና በኡጋንዳ ያልፋል፤ የማግኔት ወገብ (የምድር ማግኔት መስመሮች አግድም የሚሆኑበት መስመር) ግን በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት የሚባለው የኤሌክትሪክ ጅረት በላያችን ይፈስሳል። እሱን ለመለካት አንድ ማግኔቶሜትር (የማግኔት መስክ መለኪያ) አይበቃም። አንዱ ከሥሩ፣ ሌላው ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ የአንዱ ከሌላው ይቀነሳል። የአዮኖስፌሩም (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የላይኛው ከባቢ አየር) ነገር እንዲሁ ነው። ከማግኔት ወገብ በላይ ሽቅብ የሚነሳው ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ) ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተከፍሎ ነው የሚወርደው፤ የደቡቡ ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ሰማይ ያጋድላል። ስለዚህ የናይሮቢው ሰው አንተን የሚፈልገው አንተ እሱን በምትፈልገው ልክ ነው። ኢሜይል ስትጽፍ አትለማመጥ።

ሲቪ ብቻም አትላክ፤ ግራፍ ላክ። አዲስ አበባ ያለው የማግኔት ጣቢያ ከ1957–58 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ ያለ ነው፤ ዳታው በኢንተርማግኔት (የዓለም የማግኔት ጣቢያዎች መረብ) ይገኛል። የጂፒኤስ ዳታም በነፃ ይወርዳል። እኔ የአንድ መጋቢት ወር ግራፍ ሠርቼ «ከእናንተ ጣቢያ ጋር ላወዳድረው እፈልጋለሁ» ብዬ ላክሁ። ያ ግራፍ ነው በሩን የከፈተልኝ።

3. መሣሪያ በስምህ እንዲላክ አትፍቀድ። ይህን ረጋ ብለህ አንብብልኝ።

አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች አንድ የጂፒኤስ ሪሲቨር ከነአንቴናው ሊሰጡን ተስማሙ። ሲግናሉ በአዮኖስፌር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚርገበገብ የሚመዘግብ፣ ለምርምር የተሠራ ነው። ደስ ብሎኝ የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በራስህ ስም ይምጣ፣ ይፈጥናል» አለኝ። ደብዳቤ መጻፍ ሰልችቶት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ዕቃው በግለሰብ ስም መጣና ተያዘ።

የተያዘበት ቢሮ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ከፈቱት። አንቴናው ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ አክንባሎ የመሰለ ነገር ነው። አንዱ ሠራተኛ አንስቶ ገለበጠውና «ይሄ ማንን ነው የሚሰልለው?» አለኝ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ። ይቀበላል እንጂ አይልክም ብዬ ባስረዳ ማን ይስማኝ። «የባለሙያ ማረጋገጫ አምጣ» ተባልኩ። ባለሙያው እኔ ነኝ እኮ! ማረጋገጫውን ከአዲስ አበባ አመጣሁ። ደግሞ «በዩኒቨርሲቲው ስም ይሁን» አሉ። ወደ መጀመሪያው ቢሮ ስመለስ ያው ሰውዬ «ያኔ ለምን አልጠየቅክም?» አይለኝ መሰለህ! የመጋዘኑ ኪራይ ደግሞ እሱን አይጠብቅም፤ በየቀኑ ይቆጥራል። የከፈልኩት ከደመወዜ ነው። እስከ ዛሬ የተካልኝ የለም።

ስለዚህ የመግባቢያ ሰነዱ መጀመሪያ ይፈረም። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲው መሆኑ ይጻፍበት። ዕቃው ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ትራንዚተሩን ማን ይከፍላል? ዳታው የማን ነው? ጥናቱ ሲታተም የማን ስም ይገባል? ሁሉም ይጻፍ። ኢንቮይሱ ላይ «መቀበያ ብቻ፣ ሲግናል የማያሰራጭ» የሚል ቃል እንዲያስገቡ ለምናቸው።

አንቴናው በመጨረሻ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጦሳ በምዕራብ በኩል ዝቅ ያሉትን ሳተላይቶች ይሸፍንብናል፤ ኮምቦልቻ ሰማዩ ሰፋ ስለሚል አንተ ትሻላለህ፣ ከፋብሪካዎቹ ብቻ ራቅ በል። በመጋቢት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቀጥ ብሎ የቆየው መስመር ስክሪኑ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ተማሪዎቼን ጠራኋቸው። የፕላዝማ አረፋ ነው፤ አዮኖስፌር ውስጥ ፕላዝማው የሳሳበት ቦታ። መጽሐፍ ላይ ያስተማርኳቸው ነገር በላያችን ሲያልፍ አዩት። ጥናቱ ሲታተም ከናይሮቢና ከካምፓላ ስሞች ጎን ደሴ ተጽፏል። በዚህ እኮራለሁ።

4. ዩፒኤስ ያስፈልግሃል፣ መብራቱን ታውቀዋለህ። ዳታውን ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀምጥ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ይሁን። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ቤተ ሙከራዎች ላይ የደረሰውን አይተናል።

5. የምሥራቅ አፍሪካ የአስትሮፊዚክስ ምርምር መረብንና አዲስ አበባ ያለውን የዓለም አቀፉን የአስትሮኖሚ ኅብረት የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮ ተከታተል። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው የፊዚክስ ማዕከል አይሲቲፒ የአዮኖስፌር ሥልጠና ሲያወጣም አመልክት።

የመግባቢያ ሰነዱንና የድጋፍ ደብዳቤውን ናሙና ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ። አንተ እስከዚያ የሚፈርመው ማን እንደሆነ አጣራ፤ ፕሬዚዳንቱ ነው ወይስ የምርምር ምክትሉ? እኛ ጋ እሱን ለማወቅ ብቻ ብዙ ጊዜ ባክኗል።