ከኩንታሉ ጎን ዚንኩንም ጻፉት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ግብርና ለምትማሩት፣ ነገ አርሲና ባሌ ወርዳችሁ ከገበሬ ጋር ለምትውሉት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ስንዴ ላይ ነው። በእኛ ጊዜ የሚጠየቀው በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ነበር። እናንተ ግን ኩንታሉ ውስጥ ምን እንዳለም፣ ማለትም ሰውነት የሚፈልጋቸው እንደ ዚንክና ብረት ያሉ ማዕድናት ስንት እንደሆኑ፣ መጠየቅ አለባችሁ። ነገሩ ከአየሩ ይጀምራል።

ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ተክል ምግቡን የሚሠራው በዚሁ ጋዝ ነውና፣ ሲበዛለት ምርቱ ሊጨምር ይችላል። “ታዲያ ምን ችግር አለው?” ትሉ ይሆናል።

ጃፓን፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ክፍት ማሳ ላይ ቱቦ በክብ ዘርግተው ጋዙን ለቀቁበት። ፀሐዩም ዝናቡም ያው የማሳው ነው፤ የተለየው አየሩ ብቻ ነው። በዚህ ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀውን ያህል አደረጉት። ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታተመ። የስንዴው ዚንክ 9 በመቶ፣ ፕሮቲኑ 6 በመቶ፣ ብረቱ 5 በመቶ ያህል ቀንሷል። ለዓይን ግን ያው ስንዴ ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ጋዙ ሲበዛ ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን ያጠባል። ተክሉ ከሥሩ የሚስበው ውሃ ያንሳል፤ ውሃው ይዞት የሚመጣው ማዕድንም አብሮ ያንሳል። በዚያ ላይ ስታርቹ ይበዛና የቀረው ይሳሳል።

9 በመቶ ትንሽ ይመስላል። እንቁላልና ሥጋ ለሚያገኝ ሰው እውነትም ትንሽ ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ቂጣ በልታ ለምታድር ነፍሰ ጡር ግን የጎደለውን ከየት ታመጣዋለች? ዚንክ ያነሰው ሕፃን ተቅማጥ ይመላለስበታል፤ ዕድገቱም ይጓተታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

በቆሎና ማሽላ በሙከራው ብዙም አልተነኩም፤ ካርቦን የሚይዙበት መንገድ የተለየ ነው። ጤፍም የእነሱ ወገን ነው። ይህ ግን አያዘናጋችሁ። የአተሩም ዚንክና ብረት ቀንሷል።

ደግሞ እጅ የሚያሰጥ ነገር አይደለም። ሩዝ ላይ አንዱ ዝርያ ከሌላው ባነሰ ሁኔታ እንደሚጎዳ ታይቷል። ዚንክ ያለው ማዳበሪያ ቅጠል ላይ ሲረጭ የስንዴ ፍሬ ዚንክ እንደሚጨምርም ይታወቃል። ስለዚህ ዝርያ ስታወዳድሩ ከየመደቡ እፍኝ እህል ለላቦራቶሪ ላኩ። ሪፖርታችሁ ላይ ከኩንታሉ ጎን ለዚንክና ለብረት ዓምድ ክፈቱ። አለቃችሁ “ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?” ካላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት።