መልስ፦ የለመደው ባክቴሪያው ነው እንጂ ሰውነቷ አይደለም

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። «ሆስፒታል ተኝታ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ አልሠራላትም፤ ሰውነቷ ለምዶት ይሆን?» ብለሻል። የእሷ ሰውነት ምንም አልለመደም። እዚሁ ደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ ስለምሠራ የማየውን ልንገርሽ።

«ለመደ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ባክቴሪያ ሲባዛ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፣ አልፎ አልፎም አንዲት ፊደል ይስታል። ስህተቱ መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊትም ይፈጠራል። የኛን ውርጭ አስቢው፦ ገብሱን ሲመታ የተረፈችውን ዛላ እሱ አላጠነከራትም፣ ሌላውን ጨርሶ እሷን አስቀረ እንጂ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ለምሳሌ ጋይሬዝ በሚባል የባክቴሪያው ኢንዛይም (ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን) ላይ ይጣበቃል፤ ኢ ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ የዚህ ኢንዛይም 83ኛ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ከሴሪን ወደ ሉሲን ሲለወጥ መድኃኒቱ መያዣው ይላላበታል።

ሴፍትሪያክሶን ላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚሠራው ጂን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው፤ ቀለበቷ ክሌብሲየላ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ወደ ኢ ኮላይ ሳይቀር ትተላለፋለች። ባክቴሪያውን ባሳደግንበት ሳህን ላይ፣ መድኃኒቱን በያዘው ትንሽ ዲስክ ዙሪያ ጠራ ያለ ክብ መታየት ሲገባው፣ ባክቴሪያው እስከ ጠርዙ ተነጥፎ ሳገኘው ውጤቱን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ) ተሠርቶላት እንደሆነ ዛሬውኑ ሐኪሟን ጠይቂ። ከፋርማሲ ሌላ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ እንዳትጨምሪባት፣ አደራ። ስትነኪያትም ሆነ ከአልጋዋ ስትነሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።